ዝም ያሉ አረጋውያን ሁሉ ድነዋልን?
ለአረጋውያን ያለ አግባብ ስለሚታዘዙ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች የቀረበ ሂስ

ከደባርቅ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የደጋ ቀበሌ የሚኖሩ የሰባ ስምንት ዓመት አዛውንት ለምሳሌ ይወሰዱ። ሦስት ሌሊት አልተኙም። ከሞቱ ዓመታት ያለፏቸውን ወንድማቸውን በስም ይጣራሉ፤ በውድቅት ሌሊት በሩን ከፍተው ለመውጣት ይታገላሉ፤ የገዛ ልጃቸውን «አንተ ደግሞ የማን ነህ?» ይሉታል። ልጅ አባቱን ይዞ ጎንደር ከተማ ይደርሳል። «ዶክተር፣ እባክዎ የሚያስተኛቸው ነገር ይስጡልን፤ እሳቸውም አላረፉ፣ እኛም አላረፍን» ይላል። በር ላይ ሌሎች ሠላሳ ሕሙማን ተራ ይጠብቃሉ። ሐኪሙ ክሎርፕሮማዚን 100 ሚሊ ግራም፣ ማታ ማታ፣ ለአንድ ወር ብሎ ያዝዛል። አዛውንቱ በዚያው ሌሊት ይተኛሉ፤ ቤተሰቡም ያመሰግናል።

ወሩ ሲሞላ ልጅየው ብቻውን መጥቶ ማዘዣውን ያሳድሳል። በሦስተኛው ወር አዛውንቱ ሲታዩ ፊታቸው ደርቋል፤ ምራቃቸው ይዝረበረባል፤ እግራቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ። «እርጅና ነው» ይባላል። በመጀመሪያው ቀን ሆዳቸውን በእጁ የዳሰሰ ባለሙያ ቢኖር ኖሮ ግን እስከ እምብርት የሞላ የሽንት ፊኛ ያገኝ ነበር። የፕሮስቴት እጢ ማበጥ ሽንታቸውን ዘግቶ፣ ሕመሙ አእምሯቸውን አውኮት ነበር። የታዘዘላቸው መድኃኒት ደግሞ ከጎን ጉዳቶቹ አንዱ ሽንት መከልከል ነው።

ምሳሌው የአንድ የታወቀ ግለሰብ ታሪክ አይደለም። ይሁን እንጂ በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኖ ያደረ ባለሙያ ሁሉ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። የዚህ ሂስ ማጠንጠኛም ከዚሁ የሚነሣ ነው። ለአረጋዊ የሚታዘዝ የሳይኮሲስ መድኃኒት የበሽታ ስም፣ የተወሰነ ዓላማና የማብቂያ ቀን ከሌለው ሕክምናነቱ ቀርቶ እግረ ሙቅ ይሆናል።

መድኃኒቱ ለማን ተሠራ?

ክሎርፕሮማዚን በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1950 መገባደጃ ተቀመመ። እ.ኤ.አ. በ1952 ዣን ዴሌና ፒየር ዴኒኬር የተባሉ የፓሪስ ሐኪሞች በሳንት-አን ሆስፒታል ለከባድ የአእምሮ ሕሙማን ሰጥተው ውጤቱን ይፋ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ በቤልጂግ የፖል ያንሰን ቤተ ሙከራ ሃሎፔሪዶልን አስገኘ። እነዚህ መድኃኒቶች በሰንሰለት ታስረው ይኖሩ የነበሩ ሰዎችን ከሰንሰለት የፈቱ፣ ከሆስፒታል ግቢ አውጥተው ወደ ቤታቸው የመለሱ ናቸው። ኢትዮጵያም ውስጥ ለስኪዞፍሬኒያና ለመሰል ሕመሞች የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አካል ሆነው ባለውለታነታቸው የታወቀ ነው። በወጣትነቱ ስኪዞፍሬኒያ ይዞት በመድኃኒቱ ድጋፍ ለሽምግልና የበቃ ሰው መድኃኒቱን ሊነጠቅ አይገባም፤ የሚቀርበውም ሂስ እሱን አይመለከትም።

ጥያቄው የሚነሣው በዕድሜ መግፋት በሚመጣው የመርሳት በሽታ፣ ማለትም በዲሜንሺያ፣ ወይም ዴሊሪየም በሚባለው ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ ላይ ነው። በሁለቱም ሁኔታ አረጋዊው ይጮኻል፣ ይቅበዘበዛል፣ የሌለ ነገር ያያል። ከውጭ ሲታይ የሳይኮሲስ መልክ አለው። መንስኤው ግን ሌላ ነው፤ የመድኃኒቱ ጥቅምና ጉዳት ሚዛንም ሌላ ነው።

ጉዳቱ በቁጥር

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005 ባወጣው ማስጠንቀቂያ 17 ጥናቶችን መርምሮ አዲሶቹ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ዲሜንሺያ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን ከ1.6 እስከ 1.7 እጥፍ እንደሚያደርሱት አስታውቋል። አሥር ሳምንት ገደማ በሚፈጅ ሕክምና መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል 4.5 በመቶ ሲሞቱ ባዶ ክኒን ከወሰዱት የሞቱት 2.6 በመቶ ነበሩ። አብዛኞቹ የሞቱት በልብ ሕመምና እንደ ሳንባ ምች ባሉ ኢንፌክሽኖች ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ማስጠንቀቂያው ሃሎፔሪዶልንና ክሎርፕሮማዚንን ወደሚያጠቃልሉት የቆዩ መድኃኒቶችም ተዘረጋ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የብሪታንያ ጥናት በመጦሪያ ቤቶች የሚኖሩ 165 የአልዛይመር ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹ መድኃኒታቸውን እንዲቀጥሉ፣ ግማሾቹ በባዶ ክኒን እንዲተካላቸው አድርጓል። ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የመቆየት ዕድል መድኃኒቱን በቀጠሉት ዘንድ 46 በመቶ፣ ባቋረጡት ዘንድ 71 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት ፕሮፌሰር ሱቤ ባነርጂ ለብሪታንያ መንግሥት ባቀረቡት ሪፖርት በዓመት 180,000 ያህል የዲሜንሺያ ሕሙማን መድኃኒቱን እንደሚወስዱ፣ ከዚህም የተነሣ በዓመት 1,800 ያህል ተጨማሪ ሞትና 1,620 ያህል የአንጎል ደም ሥር አደጋ እንደሚደርስ ገምተዋል።

በዴሊሪየም ረገድም ተስፋው የተጋነነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ የተካሄደ ሰፊ ጥናት ሃሎፔሪዶል የዴሊሪየምን ቆይታ ከባዶ ክኒን የበለጠ እንዳላሳጠረ አሳይቷል። መድኃኒቱ ጩኸቱን ሊያበርድ ይችላል፤ ጩኸቱን ያመጣውን ምች፣ የሽንት መዘጋት ወይም የውኃ ጥማት ግን አይነካም።

ደጋውና መድኃኒቱ

ከላይ የተጠቀሱት ቁጥሮች የተገኙት የሞቀ ክፍል፣ ለጥ ያለ ወለልና ሌሊቱን የሚበራ መብራት ባለባቸው ቤቶች ነው። የሰሜን ጎንደር ደጋ ሌላ ዓለም ነው። ክሎርፕሮማዚን አረጋዊ ከመኝታው ሲነሣ የደም ግፊቱ በድንገት እንዲወርድ ያደርጋል። በዳባት ወይም በደባርቅ ገጠር አንድ አረጋዊ ሌሊት ለሽንት ሲነሣ ከመደብ ወርዶ፣ በጨለማ በሩን ከፍቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ሜዳ ወይም መጸዳጃ መድረስ አለበት። በዚህ መንገድ ላይ የሚደርስ የዳሌ አጥንት ስብራት ቀዶ ሕክምና ሩቅ በሆነበት አካባቢ የሞት ፍርድ ያህል ነው።

መድኃኒቱ ሰውነት ሙቀቱን የሚጠብቅበትን ሥርዓትም ያዛባል። ይህ ጉዳት በቆላ በሐሩር፣ በደጋ በውርጭ ይገለጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደንዝዞ የተኛ አረጋዊ ጋቢው ሲወርድበት መልሶ አይከናነብም፤ ብርዱም አይቀሰቅሰውም።

ጾምም ግምት ውስጥ መግባት አለበት። በጎንደርና አካባቢው ብዙ አረጋውያን፣ በተለይም ቆብ ጭነው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በጎጆ የሚኖሩ እማሆዮች፣ በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ እህል ውኃ አይቀምሱም። የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ብቻውን ዴሊሪየምን ሊያስነሣ ይችላል፤ በላዩ የደም ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት ሲጨመር መውደቅ ይከተላል። ለዓመታት አረቄ የለመደ አረጋዊም ታሞ ሲተኛ አረቄው በድንገት ይቋረጥበታል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መንቀጥቀጥና መቃዠት ቢጀምረው ክሎርፕሮማዚን የሚጥል በሽታን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚገባው ዳያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 ነው።

የዓይን ነገርም አለ። አማራ ክልል ትራኮማ ክፉኛ ከተስፋፋባቸው የአገሪቱ አካባቢዎች አንዱ ነው። ዓይናቸው የጠፋና ጆሯቸው የደከመ አረጋዊት በጨለማ ውስጥ የሌለ ሰው ቢያዩ ወይም ቤተሰቡ ሊመርዛቸው እንደሚንሾካሾክ ቢጠረጥሩ ነገሩን ለሳይኮሲስ ከመስጠት በፊት ዓይናቸውና ጆሯቸው መታየት ይገባው ነበር።

መጦሪያው የት ነው?

በምዕራቡ ዓለም የዚህ ክርክር መድረክ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው ሕግ የመጦሪያ ቤት ነዋሪዎች ለተቋሙ ምቾት ሲባል በመድኃኒት ከመታሰር ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደነገገች። «ኬሚካላዊ እስራት» የሚለው አነጋገር ሕጋዊ ትርጉም ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በጎንደርና በደጋው ግን መጦሪያው በአብዛኛው ቤተሰብ ነው። «ጧሪ ቀባሪ» የሚለው ቃል ሸክሙ የማን እንደሆነ ይናገራል። ነገር ግን ጧሪው ልጅ ለሥራ ወደ መተማና ሁመራ ወርዷል፣ ወይም ከተማ ገብቷል፣ ወይም ተሰድዷል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ በደረሰ ጊዜ የተፈናቀሉና ልጆቻቸውን የቀበሩ አረጋውያንም አሉ። እንዲህ ባለው ቤት አንዲት ምራት ወይም የልጅ ልጅ ብቻዋን ሌሊቱን ትቀመጣለች። እንቅልፍ የሚሰጥ ክኒን ስትጠይቅ ጭካኔ አይደለም፤ መድከም ነው።

ከቤተሰብ ቀጥሎ ያለው መጠለያ በጎ አድራጎት ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው ለሁለቱም ወገኖች ጥላ ሆኗል፤ አንሺ ያጡትን ከጎዳና ማንሣቱም ምስጋና የሚገባው ነው። በየትኛውም ቦታ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ግን የጤና ባለሙያው ጥንቃቄ እጥፍ መሆን አለበት። ለአንዱ መዳኛ የሆነው ክኒን በአጠገቡ ለተኛው አረጋዊ መሰናክል ሊሆን ይችላልና።

ሦስተኛው መጦሪያ የሆስፒታል መኝታ ክፍል ነው። አስታማሚ በሌለበት ሌሊት አንድ ነርስ ብዙ አልጋ ትጠብቃለች። የሚጮኽ አረጋዊ ሲያስቸግር በእጅ የሚገኘው የሃሎፔሪዶል መርፌ በአብዛኛው አንዱ ብልቃጥ 5 ሚሊ ግራም የያዘ ነው። ለአረጋዊ የሚመከረው መነሻ መጠን ግማሽ ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች ነው። ብልቃጡ ሙሉውን ሲሰጥ አረጋዊው አሥር እጥፍ ተቀበለ ማለት ነው።

የመድኃኒት ሰንሰለት

የበለጠ የሚያሳስበው ከመጀመሪያው ማዘዣ ይልቅ ተከታዩ ነው። ሃሎፔሪዶል እጅን ያንቀጠቅጣል፤ አካልን ያገትራል። ይህን ለማስታገስ ትራይሄክሲፌኒዲል፣ በተለመደው ስሙ አርቴን፣ ይጨመራል። አርቴን በበኩሉ የአረጋዊን አእምሮ ያደናግራል፤ ሆድ ያደርቃል፤ ሽንት ይይዛል። መደናገሩ ሲብስ «በሽታው ጠንክሯል» ተብሎ የሃሎፔሪዶሉ መጠን ይጨመራል። እንቅልፍ እንቢ ሲል አሚትሪፕቲሊን ይከተላል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ ሲደመር ግን አረጋዊው በአልጋ ላይ ይቀራል። የሚበላው ወደ ሳንባው ይገባል፤ በምች ይሞታል። በሞቱ መዝገብ ላይ የመድኃኒቱ ስም አይጻፍም።

እዚህ ላይ አንድ የቁጥጥር ክፍተት መነሣት ይገባዋል። ዳያዜፓም ሱስ ስለሚያስይዝ እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ዓለም አቀፍ የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት ቁጥጥር ሥር ይገኛል። ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል ማንም ለመዝናናት የማይፈልጋቸው በመሆናቸው በስምምነቱ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ጥበቃው የሚያርፈው በአዛዡ ሕሊናና በመድኃኒት ባለሙያው ጥያቄ ላይ ብቻ ነው። ሱስ የማያስይዝ መድኃኒት ሁሉ የዋህ ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይሰናከላል።

መመሪያዎቹና ጉድለታቸው

የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ባለሙያ ለሌለባቸው ተቋማት ባዘጋጀውና ኢትዮጵያም በተቀበለችው የአእምሮ ጤና መርሐ ግብር ምክሩ ግልጽ ነው። ለዲሜንሺያ የባሕርይ ለውጦች ክሎርፕሮማዚን አይሰጥም። ሃሎፔሪዶል የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም፤ በሕመምተኛው ወይም በሌላ ሰው ላይ ግልጽና ቅርብ አደጋ ሲኖር ብቻ በትንሽ መጠን ለአጭር ጊዜ ይሰጣል። ቅድሚያው አካላዊ መንስኤን መፈለግና አስታማሚውን መደገፍ ነው።

ምክሩ ትክክል ነው፤ ጉድለቱ ግን «አስታማሚውን ደግፉ» ሲል በምን እንደሚደገፍ አለመንገሩ ነው። የቀን ማቆያ፣ ተተኪ አስታማሚና ቤት ለቤት የሚዞር ነርስ ባሉበት አገር ቃሉ ሥጋ ይለብሳል። በዳባት ገጠር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቀር በር የሚያንኳኳ የጤና ባለሙያ ጥቂት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን ድጋፍ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። ድጋፉ አስታማሚዋ ደጃፍ እስኪደርስ ድረስ ግን ክኒኑ የምራቷን እንቅልፍ እየተካ ይኖራል።

ቁጥር ብቻ መከታተልም መፍትሔ እንደማይሆን የአሜሪካ ተሞክሮ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ለረጅም ጊዜ ከሚኖሩ የመጦሪያ ነዋሪዎች 23.9 በመቶው መድኃኒቶቹን ይወስዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 መንግሥት ይህን ለመቀነስ ዘመቻ ጀመረ፤ ቁጥሩም በጉልህ ወረደ። ነገር ግን ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ከቆጠራው ውጪ በመሆናቸው አንዳንድ ቤቶች ያለ በቂ ማስረጃ ይህን የበሽታ ስም በነዋሪዎቻቸው ላይ ለጠፉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የምርመራዎቹን እውነተኛነት ማጣራት ጀመረ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የበሽታ ስም መጻፍ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ስሙ በምርመራ መረጋገጥ እንዳለበት ነው።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ለሚል ባለሙያ

ለዚህ ሂስ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ጊዜ የለም፤ አማራጭም የለም» የሚል ነው። በከፊል እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለምሳሌ ለተጠቀሱት አዛውንት ያስፈልግ የነበረው የሆድ ዳሰሳና የሽንት ቱቦ ነው። ትኩሳት መለካት፣ የሳንባ ድምፅ ማዳመጥ፣ ሆድ መድረቁን መጠየቅ፣ ቤት ውስጥ የሚወስዱትን መድኃኒት በፌስታል አስመጥቶ ማየት ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይፈጅም። «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻ ዴሊሪየምን ከዲሜንሺያ ይለያል፤ በቀናት የመጣ ከሆነ የሚታከም መንስኤ አለው።

ቤተሰቡን በተመለከተም ባዶ እጅ መሸኘት አይገባም። ሌሊት ኩራዝ ወይም አነስተኛ መብራት እንዲበራ፣ ቀን ፀሐይ እንዲሞቁ እንጂ በመደብ ላይ እንዳይውሉ፣ ከመኝታ በፊት ሽንት እንዲሸኑ፣ አስታማሚዎች ሌሊቱን እንዲፈራረቁ መምከር ያለ ወጪ የሚሆን ነው። ጾምን በሚመለከት ለታመሙ አረጋውያን የንስሐ አባታቸው እንዲያማክሯቸው ማድረግ ከሐኪም ትእዛዝ የበለጠ ይሰማል።

መድኃኒቱ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አረጋዊው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲል፣ ወይም በሚያየው ነገር በብርቱ ሲሠቃይ፣ ትንሹ መጠን ለአጭር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ከፓርኪንሰን ሕመም ወይም ከሌዊ ቦዲ ዲሜንሺያ ጋር ግን ሃሎፔሪዶል ብርቱ አደጋ እንዳለው መዘንጋት የለበትም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቆየንም በአንድ ቀን መንጠቅ አይገባም። መጠኑ በየሳምንታቱ እየቀነሰ፣ ቤተሰቡ እየተከታተለ ሲቋረጥ ከብዙዎቹ አረጋውያን ዘንድ የባሕርይ መባባስ እንደማይታይ ጥናቶች አሳይተዋል። ቀድሞ ሕመማቸው እጅግ የጠነከረ ወይም የሳይኮሲስ ምልክት የነበራቸው ግን ሊያገረሽባቸው ስለሚችል የቅርብ ክትትል ይሻሉ።

በማዘዣው ላይ የሚጨመሩ ሦስት መስመሮች

ከላይ የተባለውን ሁሉ በተግባር ለመያዝ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። ማንኛውም ባለሙያ ዕድሜው ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የሳይኮሲስ መድኃኒት ሲያዝዝ በካርዱ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ። አንደኛ፣ በምርመራ የተረጋገጠው የበሽታ ስም ምንድን ነው? «ያስቸግራል» የበሽታ ስም አይደለም። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ ምን እንዲለውጥ ይጠበቃል? ሦስተኛ፣ በስንተኛው ቀን ይታያል፣ መቼስ ይቆማል? መድኃኒት ባለሙያው ሦስቱ ያልተሟሉበት ማዘዣ ሲደርሰው አዛዡን ይጠይቅ። ልጅ ብቻውን መጥቶ ማዘዣ ሲያሳድስም «አባትህን አምጣቸው» መባል አለበት፤ መንገዱ ሩቅ ከሆነ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ አይቷቸው፣ የደም ግፊታቸውን ተኝተውና ቆመው ለክቶ፣ አረማመዳቸውን ተመልክቶ ይጻፍላቸው።

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተከፈተባት፣ የጤና መኮንኖችን አስተምራ ወደ ገጠር ያሰማራች ከተማ ናት። ያ ትምህርት የተመሠረተው ሐኪም በሌለበት ቦታ የሰለጠነ ዓይንና እጅ ብዙ ሕይወት ያድናል በሚል እምነት ላይ ነበር። የሚቃዡ አረጋዊ ፊት የቆመ ባለሙያም ክኒን ከማዘዙ በፊት የሚፈለግበት ይኸው ነው፤ ቀርቦ ማየት፣ በእጁ መዳሰስ፣ መጠየቅ። አዛውንቱ ሦስት ሌሊት የጮኹት በቃል ሊናገሩት ያልቻሉት ሕመም ስለነበራቸው ነው። በአራተኛው ሌሊት ዝም አሉ፤ ሕመሙ ግን በቦታው ነበር።